የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማን ያስወጣልን?

ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በር አልዘጋ ሲል አናፂ አለ። ቁልፍ ቢጠፋብን እንኳን የቁልፍ ሠራተኛው ስልክ ከጥበቃዎቹ ዘንድ አይታጣም። በየሰፈሩ ለእያንዳንዱ ብልሽት ስም የወጣለት ባለሙያ አለ። አየር ግን ባለቤት የለውም። የመታጠቢያ ቤታችሁ እርጥብ አየር አልወጣ ቢላችሁ ማንን ትጠራላችሁ? እኔ ይህን ጥያቄ ባለፈው ክረምት ለብዙ ሰው አቅርቤያለሁ። የመለሰልኝ ሁሉ የየራሱን ሙያ ነው የነገረኝ።

«ስንቱ ቤት አጥቶ በሚንከራተትበት ከተማ ስለ መታጠቢያ ቤት አየር ይወራል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጉዳዩ ሲሰሙት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ዛሬ የሚያድጉት እኛ ባደግንበት ዓይነት ቤት አይደለም። የእኛ መታጠቢያ ከዋናው ቤት ወጣ ብሎ የተሠራ፣ በቆርቆሮውና በጣውላው መሀል ነፋስ እንደ ልቡ የሚገባበት ነበር። ይበርደን ነበር እንጂ አንታፈንም። ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞችና ከዚያ ወዲህ የበዙት አፓርታማዎች ግን መታጠቢያውን ወደ ቤት ውስጥ አስገብተውታል። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው ዕድለኛ ነው። የአንዳንዱ መስኮት የሚከፈተው ከምድር እስከ ጣሪያ ወደሚዘልቅ ጠባብ ባዶ ቦታ፣ ባለሙያዎቹ ሻፍት ወደሚሉት ነው። ጭራሽ መስኮት የሌላቸውም አሉ። እነዚህኞቹ የሚተነፍሱት ኮርኒስ ላይ በተገጠመ አንድ የአየር መሳቢያ ፋን ብቻ ነው።

የልጄ ቤት ከእነዚህኞቹ ወገን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ሲሆን መታጠቢያ ቤቱ መሀል ላይ ስለወደቀ ፀሐይ አያውቅም። መጀመሪያ በኮርኒሱ ማዕዘን ላይ የቡና አተላ የተረጨበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ልጄ በበረኪና ጠረገችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። ከዚያ የበሩ መቃን አበጠ፤ ፎጣው እንደ ረጠበ ውሎ ማደር ጀመረ፤ ሽታው አጠገቡ ወዳለው የልጆች መኝታ ቤት ገባ። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሌሊት ሌሊት የምትስለው ሳል ክረምቱ ሲጋመስ ባሰባት። የልጆች ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ መድኃኒት ከጻፈች በኋላ ያልጠበቅነውን ጠየቀችን። «ቤታችሁ ውስጥ ሻጋታ አለ?»

ጥያቄው እንዲያው የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶችና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል። ሐኪሟም የሳሉ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አላለችም። ሕክምናው እንዲቀጥል፣ ቤቱም እንዲደርቅ ነገረችን። የመጀመሪያው የእሷ ሥራ ነበር፤ ሁለተኛው የእኛ።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል?

እርጥበት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቀዳዳ ቧንቧ ነው። የልጄ ቧንቧ ግን ደረቅ ነበር። ውኃው የሚመጣው በአየር ነው። የሽሮ ድስት ክዳን ስታነሱ ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለውን ጠብታ አስቡት። ትኩስ ሻወር የሚወስድ ሰው፣ በሳፋ የሚታጠቡ ሁለት ሕፃናት፣ በሙቅ ውኃ የተዘፈዘፈ ልብስ ሁሉም እንፋሎት ያወጣሉ። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ኮርኒስና ግድግዳ ሲያገኝ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ልብስ በረንዳ ላይ አልደርቅ ስለሚል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገመድ እንዘረጋለን። አንድ ሳፋ ልብስ ሲደርቅ የያዘው ውኃ የትም አይጠፋም፤ እዚያው ቤት አየር ውስጥ ይገባል።

የፋኑ ሥራ ይህን እርጥብ አየር ከቤት ማስወጣት ነው። ለዚህ ደግሞ አራት ነገሮች አንድ ላይ መሥራት አለባቸው። አንደኛው አየሩን የሚስበው ፋን ነው። ሁለተኛው ከፋኑ ጀርባ ተነስቶ አየሩን የሚወስደው ቱቦ፣ ሦስተኛው ቱቦው የሚያበቃበት መውጫ ነው። አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ በወጣው አየር ምትክ የሚገባው አየር። በሩ ወለሉን ነክቶ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ፋኑ የሚስበው ነገር ያጣል። ከአራቱ እኛ ከታች ሆነን የምናየው ፋኑን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው እሱ ነው።

አራት ባለሙያ፣ አራት መልስ

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ማብሪያውን አስነካ፤ ፋኑ ዞረ። «እማማ፣ መብራቱ በደንብ ይደርሰዋል፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። ግን ትንሽ ነው፤ ትልቅ ይግዙ» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። ሽቦውን አይቷል፣ ሞተሩን አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የሳኒተሪ ባለሙያ ነበር። ኮርኒሱን መታ መታ አድርጎ «ይሄማ ቀላል ነው። የፋኑን ቱቦ ከሽንት ቤቱ የአየር መውጫ ቧንቧ ጋር አገናኘዋለሁ፤ እዚሁ አጠገቡ ነው ያለው» አለ። ልጄ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ፋኑ ሲጠፋስ?» ዝም አለ። የሽንት ቤት አየር መውጫ ቧንቧ የፍሳሽ ጋዝ የሚወጣበት ነው። የመታጠቢያ ፋን ከእሱ ጋር ከተገናኘ ፋኑ በጠፋ ሰዓት ጋዙ ወደ ቤት የሚገባበት በር ይከፈትለታል። ፋኑ ሲሠራ ደግሞ አየር ወደ ፍሳሽ መስመሩ ስለሚገፋ በየሲፎኑ ውስጥ ተኝቶ ሽታ የሚያግደውን ውኃ ሊያናውጠው ይችላል። ይህን የሚያቀርብላችሁ ባለሙያ ካለ አመስግናችሁ ሸኙት። ለቧንቧ ሥራ ግን ስልኩን ያዙት፤ እኛም ይዘነዋል።

ሦስተኛው ጂፕሰም ሠራተኛ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ሊገጥም፣ ውኃ የማያስገባ ቀለም ሊቀባ ዋጋ ተናገረ። በስልኩ ያሳየን ሥራዎቹ ዓይን የሚማርኩ ነበሩ። ነገር ግን እንፋሎቱ እንዳለ ሆኖ አዲስ ኮርኒስ መግጠም ትኩሳት ላለበት ልጅ አዲስ ልብስ እንደ መግዛት ነው።

አራተኛውን ያገኘነው ጥያቄያችንን ቀይረን ነው። «ፋን የሚጠግን ታውቃላችሁ?» ማለቱን ትተን አየርን በቱቦ ማስወጣት የዕለት ሥራው የሆነ ሰው ማን እንደሆነ አሰብን። ምግብ ቤቶች! የወጥ ቤታቸውን ጭስ በቆርቆሮ ቱቦ ስበው ጣሪያ ላይ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ልጄ ከቢሮዋ አጠገብ ምሳ የምትበላበት ቤት ባለቤት ዘንድ ሄዳ «ይህን የጭስ መሳቢያ ማን ሠራላችሁ?» አለቻቸው። ስልክ ሰጧት።

ወጣቱ መጀመሪያ ላይ ለመምጣት አንገራገረ። አንድ መታጠቢያ ቤት ለእሱ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ለትራንስፖርቱም አይሆንም። ልጄ እዚያው ደረጃ ላይ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሁለት ጎረቤቶች አነጋግራ «ሦስት ቤት ነው» ስትለው ቅዳሜ ጠዋት ከች አለ።

ገብቶ መጀመሪያ ያየው ፋኑን አይደለም። «እማማ፣ ቱቦው የት ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት የመጡት ሦስቱ ይህን አልጠየቁም። መልሱን የሚያውቅም ሰው አልነበረም። ከዚያ ከሽንት ቤት ወረቀት አንድ ስስ ቁራጭ ቀደደ፣ በሩን ዘግቶ ፋኑን አበራና ወረቀቱን ከፋኑ ፊት አስጠግቶ ለቀቀው። ወረቀቱ ተንሳፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ድምፅ አለው እንጂ ጉልበት የለውም» አለ።

ብሬከሩን አጥፍቶ ፋኑን በካቻቢቴ ፈታና በባትሪ አበራ። እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው የአሉሚኒየም ቱቦ ከፋኑ አንገት ወልቆ ጂፕሰሙ ላይ ተጋድሟል። ቀሪው ክፍል መሀሉ ላይ ረግቦ ሆዱ ውኃ ቋጥሯል። ሻፍቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ግንበኛ የለሰነበት ሲሚንቶ ቀዳዳውን ከግማሽ በላይ ደፍኖታል። ቤተሰቡ ፋን ባበራ ቁጥር እንፋሎቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ ኮርኒሱ ጀርባ ነበር የሚራገፈው። ኮርኒሱ ከታችም ከላይም ሲዘንብበት ነው የኖረው። ትልቅ ፋን ብንገዛ ኖሮ ዝናቡን ማብዛት ነበር።

ጥገናው ምን ነበር?

ያደረገውን በዝርዝር የምነግራችሁ ስትጠሩት ምን እንደሚሠራላችሁ እንድታውቁ ነው። የረገበውን ቱቦ አወጣና በምትኩ ለፍሳሽ የምናውቀውን 110 ሚሊ ሜትር ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ ዘረጋ። የፋኑ አንገት 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በማገናኛ በትክክል ተገጣጠመ። ሁለት የነበረውን መታጠፊያ አንድ አደረገው። ቱቦ በረዘመና በታጠፈ ቁጥር አየሩ ይደክማል። አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ያለው ትንሽ ፋን፣ ረጅምና ጠማማ መንገድ ካለው ትልቅ ፋን ይሻላል።

ቧንቧውን ወደ መውጫው በኩል ትንሽ አዘቀዘቀው። እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ ውኃ ሲሆን ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። መጋጠሚያውን በማጥበቂያ ቀለበት አሰረው፤ ላዩን በአሉሚኒየም ፕላስተር አሸገው። የኤሌክትሪክ ናስትሮ እንፋሎት ሲበዛበት ሙጫው እንደሚለቅ ነገረን። ሲሚንቶውን ፈልፍሎ ቀዳዳውን ከፈተ። መጨረሻ ላይ አየር ሲወጣ የሚከፈት፣ ፋኑ ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋ ስስ ክዳን ገጠመ። የበሩን ግርጌ አንድ ጣት ውፍረት ያህል ከረከመው። ፋኑን አልቀየረውም፤ ጠርጎ መለሰው።

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አስጠጋ። ወረቀቱ ፋኑ ላይ ልጥፍ ብሎ ቀረ። የጠቅላላው ዕቃ ዋጋ ከእጅ ዋጋው ያነሰ ነበር፤ ሁለቱም ተደምረው ሌላው ካቀረበው ከኮርኒሱ ሥራ ዋጋ አልደረሱም።

ለክዳኑ ነገር አንድ ቃል ልጨምር። ሻፍት የጋራ ነው። የእናንተ ፋን የገፋው አየር ክዳን ወደሌለው የጎረቤት ቀዳዳ ቢገባ የእናንተ ንጹሕ አየር የእሷ ሽታ ይሆናል። በማግሥቱ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት ወርደው «እህቴ፣ የሳሙናችሁ ሽታ ቤቴ ገባ» አሉኝ። የእሳቸው ቤት ከሦስቱ መሀል አልነበረም። ወጣቱ በስልክ ተጠርቶ ለእሳቸውም ክዳን ገጠመላቸው፤ ዋጋውን አራት ቤት ሆነን ተካፈልነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው በአንድ ሻፍት ለሚተነፍስ ሰው ይበልጥ እውነት ነው። ሻፍቱንም ሆነ የውጭውን ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት የሕንፃውን ማኅበር ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው የሕንፃ ክፍል የጋራ መጠቀሚያ ነው። የውጭ ግድግዳ መብሳት «ቤቴ ነው» ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ምልክቱን ለይቶ መጥራት

እኛ በአራተኛው የደረስንበትን እናንተ በመጀመሪያው እንድትደርሱበት ምልክቶቹን ላስቀምጥ።

ፋኑ ጭራሽ አይዞርም፣ ወይም እየዞረ ይቆማል፣ የመቃጠል ሽታ አለው። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ እሱ እስኪመጣም ብሬከሩን አጥፉ። በውኃ አጠገብ ያለ የ220 ቮልት ሽቦ ለሙከራ አይሆንም። «ጎበዝ ነው» የተባለ የጎረቤት ልጅ ሳይሆን የብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ የምንለውን ያለው ሰው ይንካው።

ፋኑ ይዞራል፣ ወረቀት ግን አይዝም። ፋኑ በአቧራና በሸረሪት ድር ካልታፈነ ችግሩ ከኋላው ነው፤ ቱቦው ወልቋል፣ ተጨፍልቋል ወይም ተደፍኗል። የአየር ቱቦ የሚዘረጋ ሰው ትፈልጋላችሁ። የምግብ ቤት ጭስ መሳቢያ የሚሠሩ፣ የሆቴልና የቢሮ ኤሲ የሚገጥሙ፣ የቆርቆሮ ቱቦ የሚያጥፉ ባለሙያዎች ናቸው። ቱቦው ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ አስተዋይ የሳኒተሪ ባለሙያም ይሠራዋል። ወረቀቱ በሩ ሲዘጋ ወድቆ ገርበብ ሲል የሚያዝ ከሆነ ደግሞ የአየር ባለሙያ አያስፈልጋችሁም፤ የበሩን ግርጌ የሚከረክም አናፂ ይበቃል።

ከፋኑ ውኃ ይንጠባጠባል። ብዙ ጊዜ የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ፈሰሰ ተብሎ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከመቆጣት በፊት አንድ ነገር አስተውሉ። ጠብታው የሚመጣው እናንተ ትኩስ ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ ከሆነ የራሳችሁ እንፋሎት ነው፤ ቱቦው ወደ ውስጥ አዘቅዝቋል። እናንተ ሳትታጠቡ የሚፈስ ከሆነ ግን ከላይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሌላ ቤት ወጥ ወይም ሳሙና ይሸታችኋል። ክዳኑ የለም ወይም ተገትሮ ቀርቷል። የሚሸታችሁ የፍሳሽ ከሆነ ደግሞ ፋኑን ተዉትና የሳኒተሪ ባለሙያ ጥሩ። አንዳንዴ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ውኃ ያልፈሰሰበት የወለል ማፍሰሻ ነው፤ ሲፎኑ ሲደርቅ ሽታውን የሚያግደው ነገር ይጠፋል። አንድ ጆግ ውኃ አፍስሱበትና እዩት፤ ያለ ባለሙያ ያልቅ ይሆናል።

ከመዋዋል በፊት

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ ያለውን ለማወቅ ግን በአፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ጠይቁት። አየሩ የት ነው የሚወጣው? በስንት ሜትር ቱቦ፣ በስንት መታጠፊያ? የሚመለስ አየር የሚያግድ ክዳን አለው? ውኃ ቢቋጠር ወደ የት ይፈሳል? ጥሩ ባለሙያ ጥያቄ አያስከፋውም፤ ወረቀት ላይ ሥሎ ያሳያችኋል። ሳያይ ዋጋ የሚነግር፣ ሳይፈታ «ትልቅ ፋን ግዙ» የሚል፣ ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ አስቀርቶ «አይታይም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይታችሁ ተነጋገሩ። ዕቃውን ራሳችሁ ብትገዙ ዝርዝሩን ከእሱ ተቀበሉ፤ መርካቶ ወርዳችሁ የቧንቧውን ስፋት ሳታውቁ መመለስ የሁለት ቀን ድካም ነው። ቀብድ መስጠት ያለ ነገር ነው፤ ሙሉ ክፍያ ግን ከወረቀቱ ፈተና በኋላ ይሁን። ኮርኒሱ ከመደፈኑ በፊት የተዘረጋውን ቱቦ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገ ሌላ ሰው ሲመጣ «የት ነው የሚወጣው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖራችኋል።

ቅደም ተከተሉንም አታዛቡ። መጀመሪያ ቱቦ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ ከዚያ ኮርኒስ፣ በመጨረሻ ቀለም ነው። እኛም ያንን ጂፕሰም ሠራተኛ መልሰን ጠርተነዋል፤ ቱቦው ከተሠራ ከአንድ ወር በኋላ። ሻጋታው ሲቆረጥና ሲጠረግ ልጆች ከቤት ይውጡ፤ የሚሠራው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። በረኪና ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ፋኑ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ይብራ። «ቆጣሪ ይበላል» የሚለው ስጋት የእኛ የአያቶች ነው፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 20 ዋት የሚስብ ፋን በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት አይደርስም። ሰው ሲታጠብ ይብራ፤ ወጥቶም ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ አይጥፋ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ውኃ በጨርቅ መጥረግም ግማሹን ሥራ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ፋን አለ ተብሎ ሕፃን በሚታጠብበት ቤት ለሙቀት ከሰል አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ በዝምታ ይገድላል። ሁሉ ነገር ተዘጋግቶ ሳሎን ውስጥ ከሰል ሲቀጣጠልም ፋኑ የከሰሉን አየር ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሊስበው ይችላል። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፤ ከሰሉ በረንዳ ላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

የልጅ ልጄ ሳል ቀስ በቀስ ቀንሷል። መድኃኒቱ ነው? ክረምቱ መውጣቱ ነው? ወይስ ቤቱ መድረቁ? ሦስቱም የተከሰቱት በአንድ ሰሞን ስለሆነ ለአንዱ ብቻ ምስጋና አልሰጥም። የማውቀው ነገር ቢኖር ነጠብጣቡ እስከዛሬ አለመመለሱን፣ ፎጣውም ጠዋት ደርቆ መገኘቱን ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከታጠቡ በኋላ የመታጠቢያ ቤታችሁን በር ዝጉና አንዲት ስስ ወረቀት ወደ ፋኑ አስጠጉ። ከያዘ እሰየው። ከወደቀ ግን ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ቱቦው የት እንደሚወጣ ጠይቁ፤ ማንን እንደምትጠሩ መልሱ ራሱ ይነግራችኋል።